«በሕግ አምላክ» ስለ ወንዛችን

አያቶቻችን ሲያወጉን፣ በድሮ ጊዜ መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ከተባባሉ ጠቡ እዚያው ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛ በቅርብ ካልተገኘ ደግሞ አንዱን አላፊ አግዳሚ በሕግ አምላክ ብለው ያስቆሙና ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ጉዳያቸውን ያሰሙታል። የተጠራው መንገደኛ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ መንገዱን መቀጠል አይችልም። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው አነጋገር ከዚያ ዘመን የቀረልን ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ወርዶ ቀበናን ከሚቀላቀል አንድ ጅረት አጠገብ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለ ወራጅ ውሃ ነው። ውሃው ይውረድ፤ መቆም ያለበት በውሃው ላይ የሚደፋው ነገር ነው። ለዚህ የሚሆን ሕግ አገራችን ውስጥ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አብዛኛው ቤተሰብ ግን አያውቀውም፤ እኔም እስከ ጡረታዬ ድረስ አላውቀውም ነበር።

ተራራው፣ ወንዙና ሰላጣው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የመንግሥቱ መቀመጫ ከእንጦጦ ወደ ታች ወረደ። በእንጦጦ ተራራ ላይ የነበረው የጥድና የወይራ ደን በማገዶና በቤት ሥራ ተመናምኖ ስለነበር፣ በ1880ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ከተማዋ በዚያ ዛፍ ቤቷን ሠራች፣ እንጀራዋንም ጋገረች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አገር በቀል ዛፎችን የመመለስ ሥራ ተጀምሯል፤ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል።

የቀበና ወንዝ የሚነሣው ከዚሁ ተራራ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወርዶ፣ ቀበናን አቋርጦ፣ ከሌሎቹ ጅረቶች ጋር እየተቀላቀለ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ የካ ላይ የተደፋ ነገር የካ ላይ አይቀርም። በአቃቂ ዳር በወንዙ ውሃ የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። በእነዚህ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል።

እናቶች «ሰላጣውን በኮምጣጤ ዘፍዝፌ አጥበዋለሁ» ይሉኛል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ከላይ ያለውን ጀርምና የትል እንቁላል ይቀንሳል። በሥሩ በኩል ወደ ቅጠሉ የገባውን ብረት ግን ኮምጣጤ አያወጣውም። እርሳስ በተለይ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የማይመለስ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የማይታጠብ ነገር ከምንጩ መያዝ አለበት።

በጤና ጣቢያ ስሠራ ክረምት በገባ ቁጥር ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ይጎርፉልን ነበር። ኦ አር ኤስ በጥብጠን፣ ዚንክ ሰጥተን፣ እናትየውን አስተምረን እንልካለን። በሦስተኛው ሳምንት ያው ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ይመለሳል። ካርዱን ሳወጣ የቤቱን አድራሻ ሳላነብ አውቀው ነበር፤ ወንዝ ዳር ነው። ያን ጊዜ ልጁን እንጂ ወንዙን ማከም የሚቻል አይመስለኝም ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። አንቀጽ 92 መንግሥትም ዜጎችም አካባቢያቸውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ሕዝብም በአካባቢው ላይ በሚታቀድ ሥራ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 37 ደግሞ ጉዳይን ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል።

ለእኛ ለነዋሪዎች ግን ከሁሉም የሚጠቅመው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ነው። የአዋጁ አንቀጽ 11 በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል።

አዋጁን መጀመሪያ ያነበበልኝ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ ናቸው። «አየሽ፣» አሉኝ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «ያ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው መንገደኛ ተመልሶ መጣ። ‹ምን አገባህ› የሚለው ቀረ።» እውነታቸውን ነው። በተለመደው የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «በዚህ ነገር ምን መብት ወይም ጥቅም አለህ?» የሚል ነው። ወንዝ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም። ሁሉም ባለቤት የሆነበት ነገር ጠበቃ ያጣል፤ ሕጉ ይህን ተረድቶ ለሁሉም ሰው በር ከፈተ።

አንድ የታወቀ ክስ

በዚህ በር ለመግባት የሞከረ አለ። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለ በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የክሱ ምክንያት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለት ነበር። ማኅበሩ የራሱ መሬት አልተበከለበትም፤ የከሰሰው ስለ ሕዝብ ነበር።

ክሱ አልተሳካም። የወንዞቹ ውሃ ምን እንደያዘ፣ በሰውና በከብት ላይ ምን እንዳደረሰ ችሎት ፊት ተመርምሮ ሳይወሰንበት መዝገቡ ተዘጋ። የሕግ ባለሙያዎች ግን እስከ ዛሬ ያነሡታል፤ ስለ ወንዝ ጤና በሕዝብ ስም ፍርድ ቤት የቀረበ አገራዊ ክስ ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠቀሰው እሱ ነውና። እኔም ከዚህ ታሪክ ትምህርት ወስጃለሁ። መብት ያለው ሰው ሁሉ በሩን አያልፍም። ማንን እንደሚከስ፣ በየትኛው ደረጃ፣ በየትኛው ቀን እና በምን ወረቀት እንደሚቀርብ ማወቅ አለበት። በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ ትክክለኛ መድኃኒት በተሳሳተ መንገድ ከተሰጠ አያድንም።

በሌላው ዓለም የሆነውም ተስፋ የሚሰጥ ነው። በጎረቤታችን ኬንያ ዋንጋሪ ማታይ እንደ ፈረንጆቹ በ1989 በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ሊሠራ የታሰበ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃን ለማስቆም ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ የመክሰስ መብት የለሽም ብሎ መለሳት። ነገር ግን ጉዳዩ አደባባይ ወጥቶ ነበርና ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ፤ ፓርኩም ለሕዝቡ ተረፈ። እሷም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመች። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ደግሞ ማንም ሰው የራሱን ጉዳት ሳያስረዳ ስለ አካባቢው መክሰስ እንዲችል ፈቀደ። በፊሊፒንስም በ1993 ልጆች በወላጆቻቸው በኩል ቀርበው የደን ቆረጣ ፈቃዶች እንዲሰረዙ ጠይቀው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ራሳቸውም ገና ስላልተወለደው ትውልድም መክሰስ ይችላሉ ብሎ ወሰነ። በሕንድ ኤም. ሲ. ሜህታ የተባለ ጠበቃ ስለ ጋንጀስ ወንዝ ከስሶ፣ በ1987 ፍርድ ቤቱ የካንፑር ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን የሚያጣሩበት ነገር እንዲሠሩ፣ ካልሠሩ እንዲዘጉ አዘዘ። ቆዳ ፋብሪካና ወንዝ የሚለው ወሬ ለእኛም ለአቃቂና ለሞጆ ሰዎች እንግዳ አይደለም።

የእኛ ሰፈር ጉዳይ

አሁን ወደ ራሳችን ጅረት ልመለስ። ከሰፈራችን በላይ አንድ ጋራዥ ነበር። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን እያመጡ ጅረቱ ላይ ይደፋሉ፤ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ተንሳፎ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ አቤት አልን። ስብሰባ ላይ ተነሥተን ተናገርን፤ ለሚመለከተው ሰው በስልክ ነገርን፤ ቢሮ ድረስ ሄደን «እናየዋለን» ተባልን። ኃላፊው ተቀየረ፤ አዲሱ መጣና «ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው የለም» አለን። አልዋሸም። እኛ የጮህነውን የሚያሳይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት መዝገብ ቤት ውስጥ አልነበረችም።

ያን ቀን ራሴን ታዘብሁት። ነርስ ሆኜ ስማር መጀመሪያ ከያዝኳቸው ነገሮች አንዱ፣ በካርዱ ላይ ያልሰፈረ ሕክምና እንዳልተሰጠ ይቆጠራል የሚለው ነው። መርፌውን ወግተህ፣ ትኩሳቱን ለክተህ፣ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ብትቀመጥ እንኳ ካልጻፍኸው የሚተካህ ሰው ምንም አያውቅም። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎች ሳስተምር ኖሬ፣ ስለ ወንዛችን ግን በአፍ ብቻ ሁለት ዓመት አባከንሁ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ውሃው ምን እንደመሰለና ምን እንደሸተተ መጻፍ ጀመርን። የሰፈሩ ወጣቶች በስልካቸው ፎቶ አነሡ። በእድራችን ቀን ተነጋግረን 17 ሰዎች የፈረምንበት ማመልከቻ አስገባን። መምህሩ ጎረቤቴ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ካልተደረገበት ከመዝገብ ቤት አልወጣም ብለው ቆሙ። ሠላሳው ቀን ሳይሞላ ባለሙያዎች መጡ። ውሃውን ናሙና ወሰዱ፤ ባለ ጋራዡም ዘይቱን በበርሜል አጠራቅሞ እንዲያስወግድ ታዘዘ። አሁን በበርሜል ያጠራቅማል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ባለሙያዎቹ በጅረቱ ዳር ወደ ታች ሲሄዱ ከአንድ ግቢ አጥር ሥር የወጣ ቱቦ አገኙ። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ነው፤ በቀጥታ ወደ ውሃው ይወርዳል። ግቢው የእኔ ነበር። ቤቱን ስንገዛ እንደነበረ የተውነው ቱቦ ነው፤ የት እንደሚደርስ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ከ17ቱ ፈራሚዎች ውስጥ እንደኔ ያሉ ሌሎች አራት ቤቶች ተገኙ። በማግሥቱ ባለ ጋራዡ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እትዬ፣ የኔስ ዘይት ነው» ብሎ ሣቀ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከባንክ ያስቀመጥኳትን አውጥቼ ሴፕቲክ ታንክ አስቆፈርሁ። ከአራቱ ሁለቱ ቤቶችም እንዲሁ አደረጉ፤ ሁለቱ አቅም የላቸውምና በእድሩ በኩል መዋጮ እየተሰበሰበላቸው ነው። ይህን የምጽፈው በሕግ አምላክ የሚል ሰው መጀመሪያ የራሱን ቱቦ ተከትሎ መጨረሻውን ይይ ለማለት ነው። ከተማ አስተዳደሩ በ2017 ዓ.ም. ስለ ወንዞች ብክለት ደንብ አውጥቷልና ቅጣቱም ከማንም ደጃፍ ሩቅ አይደለም።

የእንጨት ተሸካሚዋ ጥያቄ

ስለ ደንና ስለ ሕግ ሲወራ የማልረሳት አንዲት ሴት አለች። ለብዙ ዓመት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ልጆቿን ያሳደገች ናት፤ ለወገቧ ሕመም እኛ ጋ ትታከም ነበር። ስለ ማመልከቻችን ስነግራት «እህቴ፣ ስለ ዛፍ ስትከሱ እኔንም ትከሱኛላችሁ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ከጀርባዋ የሚበልጥ ሸክም ይዛ ቁልቁል የምትወርድ ሴት ተራራውን አላራቆተችውም፤ ያገኘችው እንጀራ እሱ ብቻ ሆኖ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ላይ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ካሣ ወይም ሌላ ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳላቸው ጨምሮ ደንግጓል። ስለዚህ ደኑ ይከበር ስንል የእሷ ኑሮ በምን ይተካ የሚለውንም በዚያው ማመልከቻ ላይ መጻፍ አለብን። ዛፍን ለማዳን ደሃን የሚያባርር ክስ ሰፈርን ይከፍላል፤ ደኑንም ጠባቂ ያሳጣዋል።

እንዴት ይጀመራል?

አንባብያን በየሰፈራችሁ ተመሳሳይ ነገር ሊኖር ይችላልና ከልምድ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ባለጉዳዩን በሰላም አነጋግሩት። ብዙ ሰው ጉዳቱን ስላላወቀ እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሽምግልናው ግን ቀን እንዳይበላባችሁ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛ ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያያችሁት ነገር፣ የምስክሮች ስም፣ ፎቶ። ውሃውን በራሳችሁ ጠርሙስ ቀድታችሁ ብታመጡ ማስረጃነቱ ያከራክራል፤ ናሙናው በባለሙያ እንዲወሰድ በማመልከቻው ጠይቁ።

ሦስተኛ ማመልከቻውን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አስገቡ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ጥቀሱ። ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ 30 ቀን ቁጠሩ። ከዚያም ለፍርድ ቤት ያላችሁ 60 ቀን ነው፤ ካለፈ በሩ ይዘጋል። እኔ የክትባት ቀጠሮ እንደምጽፈው በግድግዳ ካላንደር ላይ አከብበዋለሁ።

አራተኛ፣ ጉዳዩ አዲስ ግንባታ ወይም ፋብሪካ ከሆነ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱን ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይህ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል።

አምስተኛ፣ ወደ ክስ ከመሄዳችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ገንዘብ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሴቶችን ያግዛል። የመሥሪያ ቤት በደል ሲሆን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰውም በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ቀኑን እየቆጠርን ነው

ከቤቴ በላይ ባለው ዳገት የሕዝብ የሆነ የዛፍ ቦታ አለ። ልጆቻችን በልጅነታቸው እዚያ ጥድ ሥር ይጫወቱ ነበር፤ ክረምት ላይ ጎርፉን የሚያበርድልንም እሱ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት የመጋዝ ድምፅ ሰማን። ሲነጋ ስድስት ዛፍ ወድቆ፣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። ማን እንዳጠረው፣ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው እስካሁን የነገረን የለም።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛውን ማመልከቻ አስገባን። በዚህኛው ላይ 41 ሰው ፈርሟል። እንጨት ተሸካሚዋም ፈርማለች፤ ኑሮዋን የሚመለከተውን አንቀጽ አንብበንላት ነው የፈረመችው። ባለ ጋራዡም አለበት፤ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው የእሱ ግቢ ነው።

ዛሬ 19ኛ ቀናችን ነው፤ መልስ አልመጣም። ማኅተም ያለበት ቅጂ በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከልጆቼ የክትባት ካርድ አጠገብ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶናል። ከዚያ በኋላ በሕግ አምላክ እንላለን።